የእናታችን ወንዶች

አምቦ፣ ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጃለኔ፤

አካም ጅርታ? ባይሳስ እንዴት ነው? የባኮ ሙቀት ከነሆድሽ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ሲሞን ዩኒቨርሲቲው ፈተና ላይ ስለሆነ ከወረቀት ክምር ጀርባ ግንባሩ ብቻ ነው የሚታየው። ቀነዓም ይስቃል።

ማርገዝሽን የነገርሽኝ ዕለት ስልኩ የተቋረጠው በኔትወርክ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ። በማግስቱ ኔትወርክ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ይቅር በይኝ። ደስ ሳይለኝ ቀርቶ እንዳይመስልሽ። ደስታውም ሌላውም አንድ ላይ መጣብኝ። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ወይ አለቅሳለሁ ወይ እዋሻለሁ። ስለዚህ ይህን በኦቦ ዱጋሳ ሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ፖስታውን ስሰጠው «ምነው ስልክሽ ተበላሸ?» አለኝ። «አፌ ነው የተበላሸው» አልኩት። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ውጤቱ መጣ ወይ ላልሽኝ፣ መጥቷል። አዲስ አበባ ያለችው ዶክተር የቀነዓን ደም ውጭ አገር ልካ አስመርምራው ነበር። አንገቱን አልጸና ያለው ነገር ገና በማሕፀን ሳለ የነበረ ነው አለችኝ። እንቅርት የሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው እጢ የሚሠራው አንድ ነገር አለ፤ የሕፃን አንጎል እሱን ካላገኘ በወጉ አያድግም። በቀነዓ ደም ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። ወደ አንጎሉ የሚያስገባው በር ግን አይከፈትም። በቃ፣ ይኸው ነው። አራት ዓመት ተኩል ሙሉ ስንት ጸበል፣ ስንት ወጌሻ አንገቱን ሲያሸው፣ አማቴ «እርጉዝ ሳለሽ ምን በልተሽ ነው?» ስትለኝ የኖርነው ለአንድ በር ነው።

የበሽታው ስም የሦስት ፈረንጅ ሐኪሞች ስም ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ለጎረቤቴ ለእታገኝ ስነግራት «ሦስት ሆነው ነው ባንድ ልጅ ላይ የመጡት?» ብላ ቱግ አለች።

የሚመጣው በእናት በኩል ነው። ሴቶቹን ሳያሳምም ወንዶቹን ይይዛል። ከእኔ ነው የወሰደው ማለት ነው። ሌላ የነገረችኝ የለም።

በደንብ ብዪ። በሰላም ያገላግልሽ።

እህትሽ ጣቢታ


ባኮ፣ ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

እትዬ ጣቢታ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የላክሽው ቅቤም ደርሷል፤ ኦቦ ዱጋሳ ግን ክዳኑን ከፍቶ መቅመሱን ከጣቱ ምልክት አውቄበታለሁ።

ስለ ስልኩ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ያኔውኑ አውቄ ነበር። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰው መጀመሪያ በረጅሙ አይተነፍስም።

«ከእኔ ነው የወሰደው» ያልሽውን አስር ጊዜ አነበብኩት። እትዬ፣ አንቺ ሰጠሽው እንጂ አንቺ አላደረግሽውም። ይህን የሚልሽ ሰው ከሌለ እኔ እልሻለሁ፤ እየደጋገምኩም እልሻለሁ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ምርምር ጣቢያው ማሳ ውስጥ የበቆሎ ጺም ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ከረጢት እሸፍናለሁ፤ ዘሩን አዳቅለን ስናበቃ ይህ ከዚህች እናት፣ ከዚህ አባት ብዬ ከረጢቱ ላይ እጽፋለሁ። ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ «በእናት በኩል ነው» የሚለውን ቃል አንብቤ ዝም ልል አልችልም። ከእናት የሚመጣ ነገር አንዷን ልጅ ብቻ መርጦ አይቆምም። እማዬ ከአንቺ ቀጥላ የወለደቻቸው ለሜሳና ጅሩ አንገታቸው ሳይጸና ነው የሞቱት ሲባል ሰምቻለሁ። እኔስ? እኔም የእማዬ ልጅ ነኝ። እኔም ወንድ ብወልድስ?

ባይሳ ምንም አያውቅም። ወንድ እንደሆነ በራሱ ጊዜ ወስኖ፣ ትራክተር መንዳት በስንት ዓመቱ እንደሚያስተምረው ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል። «ሰባት ዓመቱ ላይ» ይላል። እግሩ ፍሬን አይደርስም ስለው «ፍሬኑን እኔ እይዝለታለሁ» አለኝ።

ዶክተሯ እህት አለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችሽም? አዎ ወይም አይ በይኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጃለኔ


አምቦ፣ የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጃሊዬ፤

አዎ።

በአንድ ቃል ብመልስልሽ እንደማትረኪ ስለማውቅ እቀጥላለሁ። ዶክተሯ ቤተሰቡን ወረቀት ላይ ትስላለች፤ ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ። የታመመውን ታጠቁረዋለች። በሞተው ላይ ሰረዝ ታሳልፍበታለች። እማዬን ሳለች፣ ለሜሳንና ጅሩን ስላ አጠቆረቻቸው፣ ሰረዝም አሳለፈችባቸው። እኔን ሳለች። ቀጥላ «እናትሽ ስንት ሴት ልጆች አሏት?» አለችኝ። «ሁለት» አልኳት። አፌ ራሱ ነው የመለሰው። ከእኔ ክብ አጠገብ ሌላ ክብ ስላ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት።

እህትሽ በሽታውን ተሸክማ ሊሆን ይችላል፣ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው፤ ከሆነም ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ እንደገና እኩል ለእኩል ነው አለችኝ። ከመውለዷ በፊት መጥታ ደሟ ይታይ ብላ ደብዳቤ ጻፈችልሽ። ደብዳቤው ከሥዕሉ ቅጂ ጋር ከኅዳር ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የሦስት ወር ጥፋት ነው። ልትሰድቢኝ ብትፈልጊ ኦቦ ዱጋሳ ሰኞና ሐሙስ ይመላለሳል።

ግን ስሚኝ። አትፍሪ። አንቺ ምንም አትሆኚም፣ ልጅሽም ምንም አይሆንም። እንዲህ የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ከየት አወቅሽ ትይኛለሽ። ማወቁን አውቃለሁ፤ መናገሩ ግን የእኔ አይደለም። ቅዳሜ ጊንጪ ወርጄ እማዬን አነጋግራለሁ። እስከዚያ ድረስ እባክሽ እህል አፍሽ ይግባ።

ቀነዓ ትናንት ስምሽን ስጠራለት በዓይኑ በሩን አየ።

ጣቢታ


ባኮ፣ የካቲት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ጣቢታ፤

ልሰድብሽ ተቀምጬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

«አትፍሪ» ማለት ቀላል ነው። የሐኪም ቃል ነው ወይስ ያንቺ? የሐኪሟ ወረቀት በእጄ ነው፤ እሱ ላይ ያለው የጥያቄ ምልክት ነው። ያንቺ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን ንገሪኝ። እኔ እኮ የማላውቀው ነገር ቤታችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። የአባባን ሁለተኛ ጫማ የት እንደደበቀች እንኳን ለእኔ ነበር የምትነግረኝ እማዬ።

ማክሰኞ አልትራሳውንድ ታየሁ። ወንድ ነው። ባለሙያው «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲል ባይሳ እጁን ጨብጦ ሊለቀው አልቻለም፤ እኔ እንባዬ መጣ። ባይሳ የደስታ መስሎት ለሰው ሁሉ «አለቀሰች እኮ!» እያለ ያወራልኛል። በየዋህነቱ ላይ እንዴት ብዬ ልንገረው?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከባድ ነው፤ ካልፈለግሽ ዝለዪው። ቀነዓን ከመውለድሽ በፊት ብታውቂ ኖሮ ትወልጂው ነበር? የምጠይቅሽ ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ጃለኔ


አምቦ፣ የካቲት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

የኔ እህት፤

አልዘለውም።

ቀነዓ ከመወለዱ በፊት ብትጠይቂኝ ምን እንደምልሽ አላውቅም፤ ፈሪ ነኝ፣ ምናልባት አልችልም እል ነበር። አሁን ግን የምትጠይቂኝ ስለማላውቀው ልጅ አይደለም። እታገኝ ቀልድ ስታወራ ሌላው ሳይስቅ እሱ ቀድሞ የሚስቀውን ልጅ ነው። ቢጫውን ኩባያ ጠልቶ አፉን ግጥም የሚያደርገውን፣ የሲሞንን የቦርሳ ዚፕ ድምፅ ከደጅ ለይቶ እግሩን የሚያወራጨውን። አንድ ጎድጓዳ ሳህን አጥሚት ለማብላት አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ቀና አድርጌ፣ ከጀርባው ብርድ ልብስ ደግፌ፣ ማንኪያ በማንኪያ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ዓይኑን ከፊቴ አያነሳም። ጃሊዬ፣ እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም። ሲሞንም በእጮኝነታችን ጊዜ እንደዚያ አላየኝም፤ ይህን እንዳትነግሪው።

በሽታውን ዛሬውኑ በገፋሁት። እሱን ግን ለማንም አልሰጥም። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ለሌላዋ እናት ደግሞ እኔ መልስ ልሰጥላት አልችልም። አንቺም ብትሆኚ።

ጊንጪ ሄድኩ። እማዬ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። የቀነዓን ነገር ከሥሩ አስረዳኋት፤ በእናት በኩል እንደሚመጣ፣ ለሜሳና ጅሩም የዚያው እንደሆኑ። ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። ከዚያ «ሦስቱም ወንዶች በእኔ ነው?» አለችኝ። የማንም ጥፋት አይደለም፣ ዶክተሯም ይህንኑ ነው ያለችው አልኳት። «ዶክተሯ አልወለደቻቸውም» አለች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ቡዳ በልቷቸው ነው እያለች ነበር እኮ የኖረችው። ቡዳ ናት የምትላትን የጎረቤት ሴት ሰላምታ እንኳን ነፍጋት ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት ምስሩን ይዛላት ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፤ ሰሃኑ ባዶውን ነው የተመለሰው።

ስላንቺም ነገርኳት። «በእኔ የተነሳ ልትፈራ?» አለች። «ያልነካትን ነገር ልትፈራ?» ቀና ብላ አየችኝ። «እኔው እነግራታለሁ። አንቺ እንዳትሞክሪው» አለችኝ።

ሐሙስ በኦቦ ዱጋሳ መኪና ትመጣለች። የምትነግርሽ ነገር አለ። መሬት መሬት እያየች ነው የምትናገረው፤ አትጣደፊባት።

የሁልጊዜም እህትሽ፣ ጣቢታ


ባኮ፣ መጋቢት 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

እትዬ፤

ነገረችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ዶሮ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ባኮ ዝንብ ስታወራ ቆየች። ባይሳን «ይህ ልጅ ይበላል ወይስ ይጎርሳል ብቻ?» እያለች አሳቀችው። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሳሰጣ ከኋላዬ መጣች። በኦሮምኛ ጀመረች፣ በአማርኛ ጨረሰች። «በጉዲፈቻ ነው ያገኘንሽ» አለችኝ። «የወለደችሽ የአባትሽ እህት ናት፣ የእጃጂዋ አዳዳ ሃዋኒ።» ጅሩ ሞቶ እማዬ ከአልጋ አልነሳ ስትል አባባ እህቱን ለመናት፤ እሷም የአምስት ወር ልጅ፣ እኔን፣ አቅፋ መጣች። ሽማግሌ ተቀመጠ። ራሴን ቅቤ ቀብተው አባባ «ከአብራኬ የወጣች ናት፤ ተወለደች እንጂ መጣች አይባልም፤ መጣች የሚል አንደበቱ ይዘጋ» ብሎ አስማለ። አንቺ፣ እትዬ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር አለችኝ። አንቺም እዚያ ቆመሽ ምለሻል።

አሁን ገባኝ፣ ለዶክተሯ «ሁለት» ያልሻት። የእማዬ ደም በእኔ ውስጥ የለም። ስለዚህ በሽታው ወደ እኔ የሚመጣበት መንገድ የለውም። ልጄ ጋም አይደርስም።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገርሽ፤ እሱን ከደበቅኩ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ደስ አለኝ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እርጥብ ልብስ እንደታቀፍኩ ሳቅኩ። ወዲያው የእማዬን ፊት ሳይ አፈርኩ። ቀጥሎ የቀነዓ ፊት መጣብኝና የባሰ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እናቴንና እህቴን ሰጥቼ ልጄን የተቀበልኩ መሰለኝ።

እማዬ «አሁን ወደ ሃዋኒ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። እንደ ልጅ ነው የጠየቀችኝ።

«ታዲያ ማን ሊያርሰኝ ነው?» አልኳት።

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «ሃዋኒ ገንፎ አትችልም። ይጓጉልባታል። ከድሮም ጀምሮ ይጓጉልባታል» አለች። ያንን ብላ አንሶላውን ከእጄ ነጥቃ ራሷ አሰጣችው።

ለባይሳም ሁሉን ነገርኩት። የእናት ነገር እንዳይከብደኝ ፈርቶ ለእማዬ አዲስ ፍራሽ ገዛ። የሱ ማጽናኛ ፍራሽ ነው።

ዶክተሯንስ ነገርሻት? ክቤን አጠፋችው?

ጃለኔ


አምቦ፣ መጋቢት 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጃሉ፤

ነገርኳት። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ይቺ ልጅ ይህን ያህል ባልፈራች ነበር» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። «አንቺ እናትሽ ስንት ሴት ልጆች አሏት ነው ያልሽኝ፣ ሁለት አሏት» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ።

ክብሽን አላጠፋችውም። የጥያቄ ምልክቱን ብቻ ነው የሰረዘችው። ሐኪሞችም ለዚህ ወግ አላቸው ለካ። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ከነክቡ በቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ወደ እናቱ የሚወስደው መስመር ቁርጥርጥ ይሆናል። እኔ «ቁርጥርጡ ለምን?» አልኳት። «ደም እንዳልሆነ ለማወቅ ነው፤ መስመር ግን ነው» አለችኝ። እታገኝ ይህን ስትሰማ «ታዲያ መስመር ከሆነ ምን ቆራረጠው?» አለች። እኔም ከእታገኝ ጋር ነኝ።

ስልኩን የዘጋሁብሽ ለምን እንደሆነ አሁን ልንገርሽ። ስላንቺ ፈርቼ አይደለም፤ ደህና መሆንሽን አውቅ ነበር። እኔ ከዚህ በኋላ አልወልድም ብዬ ከሲሞን ጋር የወሰንነው በዚያው ሳምንት ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ የምታውቂኝ እህትሽ ሆኜ መቅረት ፈለግሁ። መሐላው የአባባ ነበር፤ ዝምታው ግን ከጊዜ በኋላ የራሴ ሆነ። ለእኔ ስል ነው የደበቅኩሽ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ጣቢታ


ባኮ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

እትዬ ጣቢታ፤

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ወሬ። ለአራስ ጥየቃ ሰኔ ላይ የመጣችሁ ዕለት አዳዳ ሃዋኒን አላገኘሻትም፤ በማግስቱ ነው የመጣችው። ማር ይዛ በሩ ጋ ቁጭ አለች። ልጁንም እኔንም በሩቁ ታያለች። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አየቻትና ኩምሳን አንስታ እቅፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ያዢው እንጂ፣ እንግዳ ነሽ?» አለቻት። ሁለቱ አሮጊቶች ስለ ምንም ሳያወሩ ሁሉን ያወሩ መሰለኝ። ገንፎውን ግን እማዬ አላስነካቻትም።

አሁን ዋናው። የኩምሳን ፎቶ ላኪልኝ ስትይኝ ካሜራው ተበላሽቷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እትዬ፣ አንገቱ ከጸና ሦስት ሳምንት ሆነው። በሆዱ ሳስተኛው ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል። ባይሳ መሬት ላይ ተጋድሞ ከሱ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። እኔ በየቀኑ ልደውልልሽ ስልኩን አነሳና አስቀምጠዋለሁ። ቀነዓ አምስት ዓመት አልፎታል። በምን አፌ ልንገርሽ? አንቺ በብርድ ልብስ እየደገፍሽ፣ እኔ እዚህ...

ለእማዬም አልነገርኳትም። ስትሄድ ሁለት ወሩ ነበር። ስትደውል «ይጠባል? ይተኛል?» ትለኛለች። አንገቱን ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ተቀየምሽኝ?

ጃለኔ


አምቦ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2012 ዓ.ም.

የኔ ጃለኔ፤

አልተቀየምኩሽም። አልቀናሁም ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ብዙ ተዋሽተናል። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ቀነዓን እያጠብኩ አለቀስኩ። እሱ ውሃው የረጨኝ መስሎት በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ቅናቱም ብዙ አልቆየም።

ለሦስት ሳምንት ብቻሽን መደሰትሽ ግን አበሳጨኝ። የልጅ አንገት መጽናት ብቻን የሚደሰቱበት ነገር ነው እንዴ? እኔ የኩምሳ አክስት ነኝ፤ ድርሻዬን ቆርሰሽ በልተሽብኛል። ፎቶውን ላኪ።

ደግሞ እማዬ ያልጠየቀችሽ ረስታ አይደለም። እንዳትሰማው ፈርታ ነው። በሽታው በእሷ በኩል መሆኑን ከሰማች ጀምሮ፣ ኩምሳ ጋ መንገድ እንደሌለው ዶክተሯ ብትምልላትም፣ ልቧ አላመነም።

ስለዚህ ቅዳሜ ተነሱ። አምቦ አትውረጂ፤ ሻይ ልጠጣ ብቅ ልበል እንዳትይ፣ ቀጥታ ወደ ጊንጪ ሂዱ። ለኦቦ ዱጋሳ ጊንጪ ድረስ እንዲያደርሳችሁ ነግሬዋለሁ። እኔና ሲሞን ቀነዓን ይዘን ከሰዓት እንደርሳለን። ኩምሳን መጀመሪያ እሷ ትየው፤ ለብቻዋ።

እማዬ ሁለት ወንድ ወልዳ፣ አንዱን ደግሞ ከእኔ ተቀብላ አቅፋለች። ሦስቱንም ጭንቅላታቸውን በመዳፏ ደግፋ ነው የያዘቻቸው፤ ሌላ አያያዝ አታውቅም። ኩምሳን ስትሰጫት እጇ ሳታስበው ወደ ማጅራቱ ይሄዳል። «አያስፈልገውም» እንዳትያት። ባይሳም አፉን እንዲይዝ ንገሪው። ዝም ብለሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ እጇን ራሷ እስክታነሳ ድረስ።

እህትሽ ጣቢታ